የፊልም ክፉዎችን ልብስ ስትለብሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የከልት ፊልሞች (ታማኝ አፍቃሪዎች ደጋግመው የሚያዩዋቸው ፊልሞች) ክፉ ገጸ ባሕርያት ፊታቸው ባይታይ እንኳ በልብሳቸው ይታወቃሉ። የልብሱን ቀለምም ሆነ ስፋት ባለሙያዎቹ የመረጡት በምክንያት ነው። ምክንያቱን ትተን መልኩን ብቻ ስንቀዳ ነገሩ ይበላሻል።

ደማቁን ቀይና አረንጓዴ መግዛት

የ1984ቱ «ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» ዳይሬክተር ዌስ ክሬቨን ለፊልሙ ገዳይ ለፍሬዲ ክሩገር ሹራብ ቀይና አረንጓዴን የመረጠው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን እንደሚቸገርባቸው አንብቦ ነው። ገበያ ላይ ያለው አብረቅራቂ ቀይና የሣር አረንጓዴ ግን የፈረንጅ ገና ሹራብ ይመስላል። ቀዩ ወደ ረጋ ደም፣ አረንጓዴው ወደ ወይራ ቅጠል ያድላ። ክሩን ስትመርጡ ሁለቱን አጠጋግታችሁ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱ። ሁለቱም ተቀራራቢ ግራጫ ሆነው ከወጡ ጥንዱን አግኝታችኋል፤ ብሩህነታቸው ሲቀራረብ ነው ዓይን ድንበራቸው ላይ ማረፊያ የሚያጣው።

እጅጌው ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በመጀመሪያው ፊልም እጅጌው ሙሉ ቀይ ነው፤ መስመር የመጣበት ከሁለተኛው ጀምሮ ነው። ሹራብ ሠሪ ስታዝዙ የትኛውን እንደምትፈልጉ ቁርጡን ንገሩ። ርዝመቱ 65 ሴ.ሜ ለሆነ ሹራብ እያንዳንዱ መስመር 5 ሴ.ሜ ቢሆን 13 መስመር ይወጣል። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በቀይ ተጀምሮ በቀይ ያልቃል። የፍሬዲን ባለ አራት ስለት ጓንት ከፈለጋችሁ ስለቱ ከወፍራም ስፖንጅ ወይም ከካርቶን ይሠራ፤ ብረት፣ ዱልዱም እንኳ ቢሆን፣ ሰው በተሰበሰበበት ዓይን ያጠፋል።

ሹራብን በመቀስ ማስረጀት

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ጥሩ ሹራብ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። አንድ ክር ሲበጠስ ከሥሩ ያለው ሁሉ ተራ በተራ ይተረተራል፤ ጣት የምታስገባው ቀዳዳ ከሁለት አጠባ በኋላ መዳፍ ታስገባለች። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳው የሚሆንበትን ቦታ ዙሪያውን በመርፌና በተመሳሳይ ክር ስፉት፣ ከዚያ መሃሉን ብቻ ቁረጡ። ልብስ በእውነት የሚያልቀው ክርን ላይ፣ አንገቱ ጠርዝ ላይና እጅጌው ጫፍ ላይ ነው። እነዚህን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያላችሁ ፈግፍጉ። ደረት መሃል ላይ የተቀደደ ሹራብ ሆን ተብሎ መቀደዱን ከሩቅ ያሳብቃል።

ለእድፉ ሻይ ይበቃል። በ1 ሊትር የፈላ ውኃ 4 የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል ጨምሩ፣ አጥልሉት፣ ለብ ሲል ልብሱን ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ውኃው ትኩስ ሳለ ሱፍ ከገባበት ይሰበሰባል። ሻይ የሚይዘው ጥጥና ሱፍ ላይ ነው፤ ከአክሪሊክና ከፖሊስተር ታጥቦ ይወጣል። ለእነዚህ የቀጠነ ቡናማ የጨርቅ ቀለም በስፖንጅ ነካ ነካ አድርጉ። በረኪና ሱፍ ላይ በፍጹም አታፍስሱ፤ ክሩን ራሱን ይበላዋል።

ቱታን በልክ ማሰፋት

በ1978ቱ «ሃሎዊን» ፊልም ጭንብል ለባሹ ገዳይ ማይክል ማየርስ የለበሰው ተራ የሠራተኛ ቱታ ነው። ጭንብል ለባሹ በፊልሙ የተዋንያን ዝርዝር ላይ «ዘ ሼፕ»፣ ማለትም «ቅርጹ» ተብሎ ተጽፏል። ሰውነት ላይ የተጣበቀ ቱታ ይህን ቅርጽ ያጠፋዋል። ከትከሻ ተነስታችሁ በእግር መሃል አሳልፋችሁ በጀርባ ወደዚያው ትከሻ እስክትመለሱ ለኩ፣ 10 ሴ.ሜ ጨምሩበት። ይህ ከጎደለ ቁጭ ስትሉ ብሽሽቱ ላይ ያለው ስፌት ይለቃል። የጥጥ ቱታን ሳታጥቡ እግሩን አታሳጥሩ፤ 3 በመቶ ቢሰበሰብ ከ75 ሴ.ሜ ላይ ከ2 ሴ.ሜ በላይ ይሄዳል። አንጸባራቂ ጥብጣብ ያለበትንም ተዉት። ጥብጣቡ ቢፈታ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል።

ሁሉንም በአንድ ቀን መልበስ

የ1971ዱ «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» አልባሳት የሚሌና ካኖኔሮ ሥራ ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ አሌክስ ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ሱሪ፣ የሱሪ ማንገቻ፣ ጥቁር ክብ ባርኔጣና ቡት ያደርጋል፤ በአንድ ዓይኑ ላይ ብቻ ደግሞ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት። ሁሉም አንድ ላይ ከተለበሰ የመድረክ ልብስ ይሆናል። ለአዘቦት ቀን ነጩና ቡቱ በቂ ነው። ሸሚዙና ሱሪው ከተለያየ ቦታ ከተገዙ ነጭነታቸው አይገጥምም፤ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ክሬም ይሄዳል። የሱቁ አምፖል ይህን ይደብቀዋልና በሩ ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን አስተያዩ። ከነጭ ሱሪ ሥር ነጭ የውስጥ ሱሪ ጎልቶ ይታያል፤ ወደ ቆዳችሁ ቀለም የሚቀርብ ቡናማ ይሁን።

ዓርማውን ሳይመረምሩ ረጅም ጥቁር ኮት መግዛት

የብዙ ክፉ ገጸ ባሕርያት ኮት ከፋሺስቶች የደንብ ልብስ የተቀዳ ነው፤ ሻጮችም የክንድ ማሰሪያና ባጅ ይጨምሩበታል። ሁሉንም አውልቁ። ጀርመን የምትኖሩ ደግሞ የናዚ ምልክት አድርጎ አደባባይ መውጣት በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አትርሱ። ኮቱ ያለ ዓርማም ያስፈራል። ዝናብ ከመታው ጥላ ውስጥ፣ ከእሳት ርቆ፣ በሰፊ መስቀያ ተሰቅሎ ይድረቅ። ሰው ሠራሽ ቆዳ ከሆነ አጣጥፋችሁ ሻንጣ ውስጥ አታቆዩት፤ መሰንጠቅ የሚጀምረው እጥፋቱ ላይ ነው።