የመጀመሪያ ኪልታችሁን በትንሽ ብር ስትገዙ እንዳትሸወዱ

ስኮትላንድ የምትኖሩ ልጆች፣ ወይም ስኮትላንዳዊ ጓደኛ ኖሯችሁ «ሚዜዬ ነህ፣ ኪልት (የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ባለ ሽንሽን ጉርድ) ነው የምንለብሰው» የተባላችሁ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ያው አንድ ነገር ነው፣ ስንት ያስወጣል? ከ30 ፓውንድ ጀምሮ ሙሉ ልብሱ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ስለዚህ ጥያቄው እንደዛ ከተጠየቀ መልሱ ምንም አይጠቅማችሁም። እኔ እንደማየው ሰው የሚከስረው ኪልቱ ላይ ቆጥቦ ጌጣጌጡ ላይ ሲበትን ነው። ጥሩ ኪልት ከተራ ሸሚዝና ቤት ካለ ጥቁር ጫማ ጋር ያምራል፣ መናኛ ኪልት ግን ምን ቢያንጠለጥሉበት አይድንም።

ሮያል ማይል ላይ ያየነውን አንስቶ መሄድ

ኤድንብራ ከቤተመንግስቱ ወደታች ስትወርዱ ግራና ቀኝ ባግፓይፕ በስፒከር የሚያስጮሁ ሱቆች አሉ አይደል፣ በር ላይ በ30 በ40 ፓውንድ የተሰቀሉትን ኪልቶች ታያላችሁ። አብዛኛዎቹ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሰራሽ ጨርቅ ናቸው። አክሪሊክ ቀላል ስለሆነ ሽንሽኑ በክብደቱ አይወርድም፣ ንፋስ ሲመጣ ይነሳል፣ ተቀምጣችሁ ስትነሱ ከኋላ እንደተጨማደደ ይቀራል፣ ካውያ ከበዛበት ደግሞ ያብለጨልጫል። ግላስጎው ባለው ሃምፕደን ስታዲየም የስኮትላንድን የእግር ኳስ ጨዋታ ለማየት ከሆነ ችግር የለውም፣ እንደውም ከጨዋታው በፊትና በኋላ ቢራ ስለሚደፋበት ይሄ ይሻላል። ለሰርግ ግን ፎቶው ላይ ያስታውቃል።

የጨርቁ ይዘት መለያው ላይ መጻፍ አለበት፣ የዩኬ ህግ ነው፣ ስለዚህ ሻጩን ከመጠየቃችሁ በፊት መለያውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ሱፍ ካልቻላችሁ ፖሊ ቪስኮስ የሚባለውን (የፖሊስተርና የቪስኮስ ድብልቅ) ፈልጉ። ከሱፍ ይረክሳል፣ በማሽን ይታጠባል፣ ሽንሽኑን ከአክሪሊክ በጣም በተሻለ ይይዛል። ሱፍ ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎችም እሱን ነው የሚመርጡት።

ሱፍ ከሆነ ሁለት ቁጥር ትሰማላችሁ፣ ያርድና አውንስ። ያርዱ ስንት ጨርቅ እንደገባበት ነው፣ ሙሉው 8 ያርድ ሲሆን ቀለል ያለው 5 ያርድ አካባቢ ነው። አውንሱ የጨርቁ ክብደት ነው፣ 10 ወይም 11 ቀላሉ፣ 13 መካከለኛው፣ 16 ከባዱ። ስትራመዱ ከኋላ ወዲያ ወዲህ የሚለው ያ የሚያምረው ነገር የሚመጣው ከክብደቱ ነው። አዲስ፣ በእጅ የተሰፋ 8 ያርድ የሱፍ ኪልት በአብዛኛው ከ400 እስከ 700 ፓውንድ ይሄዳል፣ ከዛም በላይ አለ፣ እሱም ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ዱባይ ወይም ቴክሳስ ለሚደረግ ሰርግ ከሆነ ግን 16 አውንስ ራስን መቀቀል ስለሆነ ቀላሉን 5 ያርድ ያዙ፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

የጂንስ ቁጥርን መስጠት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፣ በጣም የተለመደውም ይሄው ነው። ኪልት የሚታሰረው ጂንስ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አይደለም፣ ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ነው። እዛ ጋ ደግሞ ብዙዎቻችን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ሆዳችን ነው ያለው። በዛ ላይ ጂንሱ 34 ይላል እንጂ በሜትር ሲለካ 36 ወይም ከዛ በላይ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። 34 ብላችሁ ታዛላችሁ፣ ይመጣል፣ አይገጥምም፣ ከዛ ወደታች አውርዳችሁ ዳሌ ላይ ታስሩታላችሁ፣ ታችኛው ጠርዝ ጉልበት አልፎ ባት ላይ ይደርሳል፣ በቃ የእህታችሁን ጉርድ የለበሳችሁ ትመስላላችሁ።

ልክ የሚወሰደው ሶስት ቦታ ነው፣ እምብርት ላይ ዙሪያውን፣ መቀመጫ ላይ ሰፊው ቦታ ዙሪያውን፣ ከዛ ርዝመቱን። ራሳችሁን አትለኩ፣ ጎንበስ ስትሉ ሜትሩ ይንሸራተታል፣ ሰው ይለካላችሁ። ለርዝመቱ ቀጥ ብላችሁ ተንበርከኩና ከእምብርት እስከ ወለል ይለካ፣ ከዛ ላይ ትንሽ ተቀንሶ ጠርዙ የጉልበት ሎሚ ላይ እንዲያርፍ ነው የሚፈለገው። አንዳንዱ ሻጭ ራሱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ የሰጣችሁትን እንዳለ ይሰፋል፣ ስለዚህ እንዴት ለክቼ ልላክልህ ብላችሁ ጠይቁና እሱ ባለው መንገድ ለኩ።

ርዝመት ላይ ይሄን ያህል የማደርቃችሁ ምክንያት አለኝ። ባህላዊው ኪልት ከታች እጥፋት የለውም፣ ጠርዙ ጨርቁ ሲሸመን የወጣበት የራሱ ዳር ነው፣ ስለዚህ እንደ ሱሪ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማሳጠር የሚባል ነገር የለም። ወገቡ ግን ይስተካከላል፣ ዘለበቶቹንና የቆዳ ማሰሪያዎቹን ነቅሎ ትንሽ ማስጠጋት ወይም ማራቅ ይቻላል። ያገለገለ ስትገዙም ለዚህ ነው ርዝመቱንና መቀመጫውን መጀመሪያ፣ ወገቡን ቀጥሎ የምታዩት።

ሰልባጅ መናቅ

አበሻ ሰልባጅ ገዛሁ ማለት ያፍራል፣ እዚህ ጋ ግን ያ ኩራት ብዙ ፓውንድ ያስከፍላል። ስኮትላንድ ውስጥ ኪልት የሚያከራዩ ሱቆች በየከተማው አሉ፣ የተከራየውን ልብስ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያወጡትና በርካሽ ይሸጡታል። ጥሩ 8 ያርድ ሱፍ፣ ከነኮቱ ከነሰደርያው፣ ከአዲሱ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ማግኘት ይቻላል፣ የሚከፋው የታርታን፣ ማለትም የባለ ካሬ መስመሩ ጨርቅ ንድፍ፣ ምርጫው ጠባብ መሆኑ ነው። ግላስጎውና ኤድንብራ ያሉ ቻሪቲ ሾፖችም (ለበጎ አድራጎት ሰልባጅ የሚሸጡ ሱቆች) አንዳንዴ ያላሰባችሁትን ነገር ይዘው ይገኛሉ።

ስታዩት ወደ መብራት አንሱት፣ ብል የበላው ቀዳዳ በብርሃን ይታያል። ሽንሽኑ ውስጥ ግቡና ፈትሹ፣ ብል የሚወደው የተደበቀውን ቦታ ነው። የውስጡን ገበር፣ የማሰሪያዎቹን ቆዳ፣ ሽታውንም ጭምር እዩ። ከስር ምንም አይለበስም የሚባለውን ታውቃላችሁ አይደል፣ እንግዲህ ከእናንተ በፊት የለበሰውም ሰውዬ ሰምቶት ይሆናል፣ ከመልበሳችሁ በፊት ላውንደሪ ይግባ።

አንዴ ብቻ ለምትለብሱት ሰርግ ከሆነ ግን መግዛቱንም እርሱት፣ ሙሉው ኪራይ 100 ፓውንድ አካባቢ ነው። በሁለት አመት ውስጥ ሶስት ሰርግ ካለባችሁ ያኔ መግዛቱ ያዋጣል።

«ጎሳ የለኝም» ብሎ ታርታን መፍራት

ብዙ ታርታን በስኮትላንድ ጎሳ ስም ይጠራል፣ የናንተ ያልሆነውን ብትለብሱ ግን ማንም አያስራችሁም። የታርታን መዝገብ አለ፣ በ2008 በወጣ የስኮትላንድ ፓርላማ ህግ የተቋቋመ፣ ኤድንብራ ባለው ብሄራዊ መዛግብት ስር የሚተዳደር፣ ግን መዝገቡ ዲዛይን ይመዘግባል እንጂ ማን ምን ይልበስ አይልም። የንጉሳዊው ቤተሰብ የሆነውን ባልሞራል የሚባለውን ተውላቸው። ለማንም የሚሆን ከፈለጋችሁ ብላክ ዋች አለ፣ ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ከጥቁር ኮትም ከግራጫም ጋር ይሄዳል፣ ሁሌም ስለሚመረት በቀላሉ ይገኛል። ገንዘብ የሚበላው ማንም ስቶክ ያላደረገውን ታርታን በልዩ ትእዛዝ ማሸመን ነው። ሙሽራው የራሱ ቤተሰብ ታርታን ካለውና ሚዜዎቹ እሱን እንዲለብሱ ከፈለገ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁት።

ሙሉ ፓኬጅ

«ኪልት፣ ስፖራን፣ ካልሲ፣ ቀበቶ፣ ጩቤ፣ ፒን፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ!» ኦንላይን ላይ በየቦታው አለ። አስር እቃ በዛ ብር ሲባል አእምሮ ያዞራል፣ ግን ከአስሩ ስምንቱ በአመቱ ይጣላሉ። ስፖራኑ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቀበቶው ቆዳ መሳይ ላስቲክ ነው፣ ካልሲው ከመሳሳቱ የተነሳ ባት ላይ አይቆምም።

ስፖራን ማለት ከፊት የሚንጠለጠለው ቦርሳ ነው፣ ኪልት ኪስ ስለሌለው ስልክና ቁልፍ እዛ ነው የሚገባው። ጥቁር፣ ብዙ ጌጥ የሌለው የቆዳ አንድ ግዙ፣ ለቀንም ለማታም ይሆናል። ፓኪስታን ሲያልኮት የሚሰሩ አሉ፣ ከተማዋ በቆዳ ስራ የታወቀች ስለሆነች ከዛ መጣ ብሎ መናቅ አያስፈልግም፣ ስፌቱንና ሰንሰለቱን እዩ። ሲል (seal) የሚባለው የባህር እንስሳ ቆዳ ያለበትን ግን አሜሪካ የምትኖሩ ተጠንቀቁ፣ ከ1972ቱ የባህር አጥቢ እንስሳት ህግ ጀምሮ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል። ሲታሰር ደግሞ ከቀበቶው በታች አንድ መዳፍ ያህል ይውረድ፣ ጭን መሃል እየተወዛወዘ እንዳይመታችሁ።

ስኪያን ዱ፣ ካልሲ ውስጥ የምትሰካው ትንሽ ጩቤ፣ ለጀማሪ ምኑም አይደለም። የብሄራዊ ልብስ አካል ሆኖ መያዝ በህግ ተፈቅዷል፣ ያ ማለት ግን ሰርጉ አልቆ ልብስ ቀይራችሁ ባር ስትገቡ ኪስ ውስጥ ይሁን ማለት አይደለም። ማድረግ ካለባችሁ ስለት የሌለው የፕላስቲክ አለ፣ እጀታው ብቻ ነው የሚታየው፣ ማንም አያውቅም።

ኮትና ጫማ

ከሱሪ ጋር የምትለብሱትን የሙሉ ልብስ ኮታችሁን ከላይ ደርባችሁ አትውጡ፣ ረጅም ስለሆነ ስፖራኑን ይሸፍነዋል። የኪልት ኮት አጭር ነው። ፕሪንስ ቻርሊ የሚባለው ከፓፒዮን ጋር የማታ ልብስ ነው፣ ለቀን ሰርግ ይበዛል። አንድ ኮት ብቻ መግዛት ከቻላችሁ አርጋይል የሚባለው ይሁን፣ በክራቫትም በፓፒዮንም ይለበሳል። ለኮት ብር ካልተረፈ ሸሚዝ፣ ክራቫትና ሰደርያ ይበቃል። ሰደርያ ካለ ቀበቶ የለም፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም፣ ይሄ ደግሞ ወጪ ይቀንሳል።

ጊሊ ብሮግ የሚባለውን ባለ ረጅም ክር ጫማ ለመግዛት አትቸኩሉ፣ የተወለወለ ጥቁር የቆዳ ጫማ ይሆናል። ጊሊ ካደረጋችሁም ክሩን እስከ ጉልበት አትጠምጥሙት፣ ቁርጭምጭሚት በላይ ታስሮ ያልቃል። ካልሲ ላይ ግን አትስሰቱ፣ ወፍራም የሱፍ ይሁን፣ ተጠቅልሎ ከጉልበት በታች ሶስት ጣት ያህል ላይ ይቁም።

ትናንሽ ነገሮች

ሽንሽኑ ከኋላ ነው፣ ጠፍጣፋው ከፊት። ገልብጦ የለበሰ ሰው በአይኔ አይቻለሁ፣ ስም አልጠራም። ፒኑ ከፊት በቀኝ በኩል ከታች፣ የላይኛው ጨርቅ ላይ ብቻ ይሰካል፣ ሁለቱን ጨርቅ አንድ ላይ ከወጋችሁት ስትራመዱ ጨርቁ ይቀደዳል።

ኦንላይን ዩኬ ውስጥ ካለ ሻጭ ስትገዙ ዝግጁ የሆነ እቃ ከደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ሃሳብ ቀየርኩ ብላችሁ መመለስ ትችላላችሁ፣ በልካችሁ የተሰፋ ግን ይሄ መብት የለውም። ስለዚህ ለሰፊው የምትልኩትን ልክ ሁለቴ አስለኩ። ድረገጹ ላይ ተራራና ባንዲራ ስላለ ብቻ ሱቁ ስኮትላንድ ነው ማለት አይደለም፣ ከየት እንደሚላክና መመለሻው በማን ወጪ እንደሆነ ሳታነቡ ካርድ አታስገቡ።

ከገዛችሁት በኋላ ሱፉ ማሽን ውስጥ አይግባ፣ ደረቅ እጥበት ብቻ። በመንገድ ጊዜ ሽንሽኑን በወጉ ደራርባችሁ ከጎን ወደ ጎን በቁመቱ ጠቅልሉትና የተቆረጠ የሴት ስቶኪንግ እግር ውስጥ ክተቱት፣ ሻንጣ ውስጥ እንደዛው ይቀመጣል። ስኪያን ዱ ካላችሁ ከእጅ ሻንጣ አውጡት፣ የሚሄደው በሚጫነው ሻንጣ ነው።