የአሳ ትርፍራፊን ወደ ዶሮ መኖ እንዴት እንቀይረው? (በሞላሰስና በእርጎ)

ሐዋሳ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ የሄደ ሰው ያየዋል። ቆሮሶው ፊሌ (አጥንት የሌለው ሥጋ) ይወጣለትና ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና የሆድ ዕቃው ለአባ ኮዳዎቹ፣ ለትልልቆቹ ወፎች፣ ይጣላል፣ የተረፈው ደግሞ እዚያው ይበሰብሳል። ከአንድ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ፕሮቲን የሞላበት ነገር ነው። በዓቢይ ጾም የአሳ ፈላጊ ሲበዛ የሚጣለውም አብሮ ይበዛል። የዶሮ መኖ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ይሄ ሁሉ ሲደፋ ማየት ያንገበግበኛል።

የምንሠራው የአሳ ሳይሌጅ ይባላል፣ ኮምጥጦ የሟሟ የአሳ መኖ ማለት ነው። ኢንዛይም መግዛት አያስፈልግም፣ አሳው ሆድ ውስጥ አለ። አሳው በሕይወት እያለ ምግቡን የሚፈጭበት ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም፣ ነገሩ ከኮመጠጠ አሳው ከሞተ በኋላም መሥራቱን ይቀጥላል። ሥጋውን ያሟሟዋል። ኮምጣጣነቱ ደግሞ የሚያበሰብሱትን ባክቴሪያዎች ያግዳቸዋል። ስለዚህ የሆድ ዕቃውን ለይታችሁ አትጣሉት። ዋናው እሱ ነው።

ለ10 ኪሎ ትርፍራፊ 1.5 ኪሎ ሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) እና ግማሽ ሊትር የቤት እርጎ ያዙ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ፣ የስጋ መፍጫ፣ የእንጨት ማማሰያና የፒኤች (የኮምጣጣነት) መለኪያ ወረቀትም ያስፈልጋል። ብረት ወይም አሉሚኒየም ዕቃ አይሆንም፣ አሲዱ ይበላዋል። አንዳንዶች በሞላሰስ ፈንታ ፎርሚክ አሲድ ይጠቀማሉ። ፈጣን ነው፣ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ትነቱም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ልጆች ባሉበት ግቢ አልመክረውም።

ትርፍራፊው የዕለቱ ይሁን። የሸተተ አሳ ሳይሌጅ ውስጥ ገብቶ አይድንም። ፍጩት፣ ደቀቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው። የትልቅ አምባዛ ጭንቅላት መፍጫ ይሰብራል፣ ቀድማችሁ በመጥረቢያ ከትክቱት። ከዚያ ሞላሰሱንና እርጎውን ጨምሩና አማስሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ መጣን። ብዙ ሰው የሚከሽፍበት ማኮምጠጡ ላይ ነው። አሳ ውስጥ ስኳር የለም ማለት ይቻላል፣ የእርጎው ባክቴሪያ ደግሞ አሲድ የሚያወጣው ስኳር ሲያገኝ ነው፣ ሞላሰሱ የገባውም ለዚህ ነው። ከሞላሰሱ ላይ ቆንጠር አድርጎ መቆጠብ ሙሉ ባልዲ ያስጥላል። ጭንቅላትና አጥንት የበዛበት ከሆነ ደግሞ ከተባለው በላይ ጨምሩ፣ ምክንያቱም የአጥንቱ ካልሲየም አሲዱን እየበላ ያዳክመዋል። ሌላው ማማሰል ነው። ሞላሰስ ወፍራም ስለሆነ ጥግ ጥጉ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፣ ያልደረሰበት ቦታ ይበሰብስና ሌላውንም ያበላሻል። የባልዲውን ታች እየፈነቀላችሁ፣ በቀን ሁለቴ አማስሉ። ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ አትዝጉት፣ ጋዝ ስለሚያወጣ ይፈነዳል።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በወረቀቱ ለኩ። ፒኤቹ በአፍንጫ አይታወቅም፣ በምላስ መሞከርማ ጨርሶ አይታሰብም። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የበለጠ ኮምጧል ማለት ነው። በ3 ቀን ገደማ ፒኤቹ ከ4.5 በታች መውረድ አለበት፣ 4 አካባቢ ቢደርስ ይመረጣል። ከ4.5 በላይ ሆኖ ከቆየ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። በ4ኛው ቀንም ካልወረደ ሞላሰስ እየጨመራችሁ ለማዳን አትሞክሩ። የተፈጠረው መርዝ በኋላ በሚመጣ አሲድ አይጠፋም። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ውሻም እንዳያወጣው በደንብ አፈር አልብሱት።

ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ ባቱና አርባ ምንጭ ላሉ ሰዎች ይሄ ችግር አይደለም፣ በሳምንት ገደማ እንደ ወፍራም ሾርባ ይሆናል። ደጋ ከሆናችሁ ባልዲውን ቤት ውስጥ አስገቡት። ሽታው እርጎ እርጎ፣ አሳ አሳ ይላል። የበሰበሰ ሽታ አይደለም፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ከዚያ በማይዝግ ድስት አንድ ጊዜ አፍሉት። ኢንዛይሙ የሚቆመው እዚህ ነው። ዝም ካሉት ፕሮቲኑን ከልክ በላይ እየቆራረጠ ይሄዳል። አምባዛ ከበዛበት ላዩ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል፣ ቅዱት። የሚሻግተውና እንቁላሉን አሳ አሳ የሚያሰኘው እሱ ነው። የቀረውን ከፉርሽካ ጋር ለውሱና በሸራ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ እስኪንኮሻኮሽ አድርቁት። ዝንብ እንዳያርፍበት መረብ ጣል አድርጉበት።

ለዶሮ ስትሰጡ ከጠቅላላው መኖ 5 በመቶ ጀምሩ፣ 10 በመቶውን አትለፉ። በቆሎውና የኑግ ፋጉሎው ይቀጥላል፣ ይሄ ማሟያ ነው። ለሥጋ የሚታረዱትን ከመታረዳቸው 2 ሳምንት በፊት አቁሙላቸው፣ አለበለዚያ ወጡ አሳ አሳ ይላል። የደረቀውን እርጥበት በማያስገባ ከረጢት አስቀምጡ። ሻጋታ ካያችሁበት ለዶሮ አትስጡት።