መኪናችሁ ሚኒሞ ላይ ስትንዘፈዘፍ፦ ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት መኪናዬ አመል አወጣች። ጅማ ላይ ለነዳጅ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ፣ እስከ አፉ አስሞልቼ፣ ቁልፍ ስሰጣት በግድ ትነሳለች። ከተነሳች በኋላ ወባ እንደያዘው ሰው ትንዘፈዘፋለች። መሪው ይርገበገባል፤ የዙር ቆጣሪው ቀስት ከ500 እስከ 900 ይወጣል፣ ይወርዳል። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ። የጅሬንን ዳገት ስትወጣ እንከን አይወጣላትም። ተመልሼ ጅማ መርካቶ አካባቢ ከባጃጆች ኋላ ስቆም ያው በሽታዋ ይነሳል።

ያየኝ ሁሉ "ነዳጁ ነው" አለኝ። አመንኩ። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ቀየርኩ፣ የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን) አሳጠብኩ። ብሬ ሄደ፤ ንዝረቱ አልሄደም። ጥፋቱ በመጨረሻ የተገኘው አውራ ጣት በምታክል ቫልቭ ላይ ነው። እሷን ወደ መጨረሻ አመጣታለሁ። እስከዚያ ድረስ ያኔ ማድረግ የነበረብኝን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ በእጃችን ያለችውን አስታመን መያዝ ነው ያለብን።

መጀመሪያ አንድ ነገር። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት መኪናዋ ቆማ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዙር ነው። ድሮ ሚኒሞ ሲበላሽ መካኒኩ በካቻቢቴ ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ብሎን ዘወር ያደርግና ያስተካክላት ነበር። አሁን የምትዞር ብሎን የለችም። ሞተሩ ሲሞቅ ዙሩን ከ600 እስከ 800 አካባቢ የሚይዘው ኮምፒውተሩ ነው። የአየር በሩን በትንሹ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የእሳቱን ሰዓት ያስቀድማል፣ ያዘገያል። ስለዚህ አዲስ መኪና ስትንዘፈዘፍ ኮምፒውተሩ ችግሩን ሊሸፍንላችሁ ሞክሮ አቅቶታል ማለት ነው። "ሚኒሞውን ከፍ አድርግልኝ" ብላችሁ አትድከሙ።

1ኛ፦ መቼ እንደሚነሳባት ጻፉ

ይህ ነጻ ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል ማንም የማያደርገው። ለአንድ ሳምንት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ሲሞቅ? ኤሲ ስትከፍቱ ነው? ዲ ላይ ሆና ፍሬን ስትይዙ ነው? ከላቫጆ ከወጣች በኋላ ነው? ነዳጅ በሞላችሁ ቀን ነው?

ማርሿ አውቶማቲክ ሆኖ ኤን ላይ ጸጥ ብላ ዲ ላይ ብቻ የምትንቀጠቀጥ ከሆነና የቆጣሪው ቀስት ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ያኔ የምትጠረጥሩት ሞተሩን ከሻሲው ጋር የያዘውን የጎማ ሱፖርት ነው። በጉድጓዱ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል። ኮፈኑን ክፈቱ፤ አንድ ሰው ፍሬን በደንብ ይዞ ከዲ ወደ አር ሲያስገባ ሞተሩ ከልክ በላይ ከዘለለ ምክንያቱን አገኛችሁት። እናንተ ግን ከፊቷ ሳይሆን ከጎኗ ቁሙ።

2ኛ፦ ኮምፒውተሩን ጠይቁት

ከመሪው በታች የኮምፒውተር ማንበቢያ ሶኬት አለ። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ዋጋው ከአንድ ያላግባብ ከተቀየረ ዕቃ ያንሳል። የቼክ መብራቱ ባይበራም ሰክታችሁ እዩ፤ የተጠራቀመ ነገር ሊኖር ይችላል።

ፒ0300 የሚባለው የብልሽት ኮድ ከመጣ እሳት ሳይቀጣጠል የሚያልፈው በአንድ ፒስቶን ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉት የትኛው ፒስቶን እንደሆነ በመጨረሻ ቁጥራቸው ይነግሯችኋል። መካኒኮቹ "በሶስት ነው የምትሠራው" የሚሉት ይህንን ነው። ፒ0171 ደግሞ "አየር በዝቷል ወይም ነዳጅ አንሷል" ማለት ነው። ልብ በሉ፤ "ኦክስጅን ሴንሰር ግዛ" አላለም። ኮዱ ምልክቱን እንጂ ዕቃውን አይነግርም።

ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ባትሪ መንቀልም አይመከርም፤ ኮምፒውተሩ የተማረውን ሚኒሞ ሁሉ ይረሳና ሌላ ንዝረት ይጨመርላችኋል። የቼክ መብራቱ መኪናዋ እየተነዳች ጥፍት ብልጭ ካለ ደግሞ መንዳት አቁሙ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው እየሄደ ካታላይዘሩን (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን) ያቀልጠዋል። እሱን መግዛት ምን እንደሚያስከፍል የጠየቀ ያውቀዋል።

ከኮዱ ይልቅ እኔ የምወደው ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ በነዳጁ ላይ ስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ያሳያል። በሁለቱም በኩል እስከ 10 ቢሆን አያስደነግጥም። አሁን ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ አንድ ጊዜ ሚኒሞ ላይ፣ አንድ ጊዜ ዙሩን 2,500 ላይ ይዛችሁ። ሚኒሞ ላይ +20 ሆኖ 2,500 ላይ ወደ +4 ከወረደ፣ በቀዳዳ አየር እየገባ ነው። ዙሩ ሲጨምር ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚበዛ የቀዳዳዋ ድርሻ ይቀልላል። በተቃራኒው ዙሩ ሲጨምር +ው የሚብስ ከሆነ ነዳጅ እየደረሳት አይደለም፤ ፖምፓውን፣ የነዳጅ ፊልትሮውን ወይም የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ተመልከቱ። ቁጥሩ በ- ከሆነ ከየት እንደሚመጣ ያልታወቀ ተጨማሪ ቤንዚን እየጠጣች ነው።

እግረ መንገዴን። ቪዲዮ አይታችሁ የማኒፎልድ (አየሩን ለፒስቶኖቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት የምትለኩ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቪዲዮዎቹ ብዙ ጊዜ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ ቦታ የተቀረጹ ናቸው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ኪሎፓስካል የሚያሳየው ሴንሰር እዚህ 82 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ሴንሰሩን "ተበላሽቷል" ብሎ የሚያስቀይራችሁ እንዳይኖር።

3ኛ፦ የሚተነፍስ ጎማ ፈልጉ

ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ጀምሮ እስከ አየር በሩ ያለውን ወፍራም ጎማ በእጃችሁ ጎንበስ ቀና አድርጉት። የታጠፈበት ሸንተረር ውስጥ ነው የሚሰነጠቀው፤ ካልተለጠጠ አይታይም። ፊልትሮ በተቀየረ ማግስት የጀመረ ንዝረት ከሆነ ማሰሪያው አለመላላቱን እዩ። ቀጥሎ ቀጫጭኖቹን ጎማዎች ተመልከቱ፤ በተለይ የሞተሩ መተንፈሻ የሆነውንና ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን። የዘይት ክዳኑና የዘይት መለኪያ ዘንጉም በደንብ ይዘጉ። በአንዳንድ ሞተር ዘንጉ ሳይገባ ቢቀር ብቻ ሚኒሞ ይረበሻል።

1 ሜትር የሚሆን ቀጭን የላስቲክ ጎማ ያዙ። አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ በየመገጣጠሚያው አዙሩ። አየር የሚስበው ቦታ ላይ ስትደርሱ "ስስስስ" ይላል። ከሚሽከረከረው ቺንጋና ከፋኑ ራቁ፤ ነጠላና ልቅ እጅጌ አይሆንም። በሚሠራ ሞተር ላይ ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ እየረጩ መፈለግ የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክርም። ሞተሩ ትኩስ ነው፣ ይቀጣጠላል። ጭስ የሚነፋ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል።

4ኛ፦ የአየር በሩን አጽዱ፣ ግን በቀስታ

ትሮትል ቦዲ የሚሉት ነው። ከ50,000 ወይም 60,000 ኪሎሜትር በኋላ የበሩ ጠርዝ ላይ ጥቁር ሙጫ ይጋገራል። ጎማውን አውልቃችሁ በስልክ መብራት ስታዩት የቡና ጀበና ውስጡን ይመስላል። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ። የትሮትል ማጽጃውን በሩ ላይ በቀጥታ አታርከፍክፉ፤ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ነፍታችሁ ጥረጉ። በሩን በጣታችሁ ገፍታችሁ በኃይል አትክፈቱት፤ በሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ጥርሱ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። የአየር መለኪያ ሴንሰሩ የራሱ ማጽጃ አለው። ሽቦውን በጨርቅም ሆነ በጣት አትንኩት።

ካጸዳችሁ በኋላ ዙሩ 1,200 ወጥቶ ቢቀር አትደንግጡ። ኮምፒውተሩ ቆሻሻውን ለማካካስ በሩን ከፍቶ መያዝ ለምዶ ነበር። ኤሲ፣ መብራትና ሬዲዮ አጥፍታችሁ ሞተሩ ሞቆ ጥቂት ደቂቃ በራሱ ይሥራ። በራሷ የማታስተካክል ከሆነች በማንበቢያ መሣሪያ እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል፤ አሠራሩ ከመኪና መኪና ይለያያል።

5ኛ፦ ካንዴላና ቦቢና

ኮዱ አንድ ፒስቶን ከጠቀሰ፣ ለምሳሌ ፒ0302፣ ገና አትግዙ። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ቦቢና (ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) አለው። ሞተሩን አጥፍታችሁ የ2ኛውንና የ3ኛውን ቦቢና አቀያይሩ፤ ኮዱን አጥፉና ትንሽ ንዱ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። እዚያው 2 ላይ ከቀረ ካንዴላውን በዚያው መንገድ ፈትኑ። እሱም ካልተከተለ ወደ ኢንጀክተርና ወደ ኮምፕሬሽን ልኬት ትሄዳላችሁ፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

ካንዴላ ስትፈቱ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት መኖሩን እዩ። ውሃ ከሆነ ላቫጆ ላይ ሞተሩን በግፊት ውሃ አሳጥባችሁ ይሆናል። የጅማ ጭቃ ጎማና ወለሉን ይመታል እንጂ ኮፈን ስር ብዙም አይገባም፤ "ሞተሩንም ልጠበው?" ሲሏችሁ እምቢ በሉ። ዘይት ከሆነ የላይኛው ክዳን ጋስኬት አርጅቷል። ኢሪዲየም ካንዴላ እስከ 100,000 ኪሎሜትር ይሄዳል፤ ግን በርካሽ የሚሸጥ ፎርጅድ ሞልቷል።

6ኛ፦ ነዳጅ ወይስ ቫልቭ?

በሃይላንድ የተሸጠ ቤንዚን ከቀዳችሁ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ትንሽ በጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለው ከስር ይዘቅጣል። መጥፎ ነዳጅ ግን ስትቆሙ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ዳገት ላይም ጉልበት ያሳጣል። የእኔዋ ዳገት ላይ ምንም አልነበረባትም። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

ያነቃኝ አንድ ወጣት መካኒክ ነው። "ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጀምራት?" አለኝ። "ነዳጅ በሞላሁ ቀን" አልኩት። "ስንት ትሞላለህ?" "እስከ አፉ ነዋ! ሰልፉን እያየኸው?" ሳቀ። ማንበቢያውን ሰካ፤ ፊውል ትሪሙ ሚኒሞ ላይ -18 ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንከሩ) የሚነሳው የቤንዚን ትነት ከሰል ባለበት ጣሳ ውስጥ ይጠራቀማል። ፐርጅ ቫልቭ የምትባለዋ ሞተሩ ሲሞቅና መኪናዋ ስትሄድ እየከፈተች ትነቱን ለሞተሩ ታቀብለዋለች። ተከፍታ ከቀረች ሚኒሞ ላይ ሳይቀር ሞተሩ ትነት ይጠጣል። ሰልባትዮው ሲሞላ ትነቱ ስለሚበዛ ወዲያው ያንቀዋል። እስከ አፉ ሲሞላ ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ጣሳው ውስጥ ገብቶ ከሰሉን ያበላሻል፤ ብናኙም ሄዶ ቫልቯን ይዘጋባታል ወይም ከፍቶ ያስቀራታል።

ፈተናው ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት። ከጣሳው ወደ ቫልቯ የሚመጣውን ጎማ ከቫልቯ ንቀሉና ቀዳዳዋን በጣታችሁ ክደኑ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ መሳብ የለባትም። ጣታችሁን ከሳበችና ስትከድኗት ሞተሩ ጸጥ ካለ፣ ሌላ ዕቃ አትፈልጉ። የእኔን ጣት እንደ ጡጦ ነበር የሳበችው። ቫልቯን መቀየር 15 ደቂቃ አልፈጀም።

አሁን ማደያ ስገባ ቀጂዋ "ጋሼ፣ ትንሽ ይገባል እኮ" ትለኛለች። ቀጃው አንዴ ቀጭ ካለ በኋላ አላስጨምርም። ከኋላዬ የተሰለፈው ባጃጅ ነጂ ብቻ ነው ደስ የሚለው።