የጠፈር አኒሜሽን ፊልም ቤት ውስጥ ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጠፈር አኒሜሽን ፊልም የሚያምረው በጥቁሩ ነው። ሰማዩ በደንብ ካልጠቆረ ኮከቡ አይደምቅም፤ መንኮራኩሩም የሩቅ አይመስልም። ደብረ ብርሃንም ይሁን መሐል ሜዳ፣ አንኮበርም ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ ቤት ውስጥ ፊልሙን ከሚያበላሹት ስህተቶች ብዙዎቹ ይህን ጥቁር የሚነኩ ናቸው።

የመጀመሪያው ትዕይንቱ ሲጨልም ሪሞት አንስቶ ብራይትነስ መጨመር ነው። በብዙ ቴሌቪዥኖች ብራይትነስ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል እንጂ ብርሃኑን አያጎላም። ብርሃኑን የሚያጎላው ባክላይት (የስክሪኑ የጀርባ መብራት) ነው። በቅድሚያ የሥዕሉን ሞድ ከ«ቪቪድ» ወይም ከ«ዳይናሚክ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ይለውጡ፤ ሞዱ ሲለወጥ ሌላው ልክ ሁሉ አብሮ ስለሚለወጥ ይህን ወደ ኋላ አይተዉት። ቀጥሎ ኮከብ የበዛበት ጨለማ ቦታ ላይ ፊልሙን ያቁሙና ከሥዕሉ በላይና በታች ያለውን ጥቁር ጠርዝ ይመልከቱ። ጠፈሩና ጠርዙ እኩል እስኪጠቁሩ ብራይትነሱን ይቀንሱ። ደብዛዛዎቹ ኮከቦች መጥፋት ሲጀምሩ አንድ ሁለት ነጥብ ይመልሱ። ልኩ ይኸው ነው።

ቀን የሚያዩ ከሆነ ስስ መጋረጃ አይበቃም፤ መስኮቱ ላይ የመንዝ ባና ቢሰቅሉ ይሻላል። ማታ ደግሞ ቤቱን ድቅድቅ አያድርጉት። በጠፈር ውጊያ ላይ ቶሎ ቶሎ ብልጭ የሚለው ብርሃን ዓይን ያደክማል፤ ብርሃን የሚቀሰቅሰው የሚጥል ሕመም ላለበት ልጅም አደገኛ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትንሽ አምፖል ያብሩ፣ ልጆችንም ከስክሪኑ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ።

ያንን ጥቁር ጠርዝ ጠልተው «ዙም» የሚያደርጉም አሉ። ብዙ የጠፈር ፊልሞች 2.39 ለ1 በሆነ ሰፊ ቅርጽ የተሠሩ ሲሆኑ ቴሌቪዥኑ 16 ለ9 ነው። ስክሪኑ እስኪሞላ ዙም ሲደረግ ከሥዕሉ ስፋት ሩቡ ይቆረጣል፤ ከጎን የሚመጣው መንኮራኩር ሳይታይ ይቀራል ማለት ነው። ጠርዙን ይተዉት።

እንቅስቃሴ ማለስለሻውንም ያጥፉት። ሳምሰንግ ላይ «ፒክቸር ክላሪቲ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው፤ በእጅ በተሳለ አኒሜሽን ደግሞ አንዱ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ምስል ስለሚቆይ በሴኮንድ 12 ሥዕል ብቻ ይኖራል። ቴሌቪዥኑ በመሐል የራሱን ምስል ሲፈጥር የሚፈጥነው መንኮራኩር ጠርዙ ይቀደዳል።

ፊልም በፍላሽ ሲያስጭኑ ትንሹን ፋይል አይምረጡ። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም 700 ሜጋባይት ውስጥ ሲታመቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ጨለማው ነው፤ ሰማዩ አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጣል፣ በቴሌቪዥን ሴቲንግም አይስተካከልም። ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ቴሌቪዥንዎ የሚያነብ ከሆነ ኤክስፋት ወደሚባለው አደረጃጀት ይለውጡት፤ ፎርማት ሲደረግ ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሥዕሉ እየታየ ድምፅ ከሌለ ድምፁ ዲቲኤስ የሚባለው የድምፅ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች አያጫውቱትም።

ዲስክ ከሆነ ሪጅኑን (ዲስኩ የተፈቀደበትን የዓለም ክፍል ቁጥር) ይዩ። ኢትዮጵያ በዲቪዲ ሪጅን 5 ናት፤ ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ሪጅን 1 ስለሆነ ብዙ ማጫወቻ አይቀበለውም። በኮምፒውተር እሞክራለሁ ካሉም የዲቪዲ ድራይቩ ሪጅን የሚቀየረው 5 ጊዜ ብቻ መሆኑን አይርሱ። ዲስክ ሲጠርጉ ደግሞ በክብ አያሽከርክሩ። መረጃው የተጻፈው በክብ ስለሆነ በዚያው መስመር የሄደ ጭረት ተከታታይ መረጃ ያጠፋል። በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። በውርጭ ወራት ከቀዝቃዛ ጓዳ ያወጡትን ማጫወቻ ከሰል በሞቀው ክፍል ወዲያው አያስነሱት፤ ሌንሱ ላይ ጤዛ ስለሚይዝ «ዲስክ የለም» ይልዎታል። አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

ለፕሮጀክተር የደጋው ነገር ብርዱ ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በተለመደው ፍጥነት አያቀዘቅዝም። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ «ሃይ አልቲትዩድ ሞድ» እንዲበራ ያዛሉ። ካላበሩት ፕሮጀክተሩ ግሎ መሐል ላይ ይጠፋል፣ አምፖሉም ቶሎ ያልቃል። ማራገቢያው ይጮኻል፤ ይታገሡት። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች ይህ አይመለከታትም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን የትም ይሁኑ፣ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ሳይጠብቁ አያብሩ።

ከሥዕሉ ሥር የሚወጣው የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ (ሰብታይትል) በሣጥን ሣጥን ከመጣ የጽሑፉን ፋይል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ ያስቀምጡ፤ ካልተለወጠ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውምና ከላፕቶፕ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም እያጫወቱ በኤችዲኤምአይ ያገናኙ። ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እያደር ከንግግሩ ከተለያየ፣ በሴኮንድ 25 ምስል ለሚሄደው የፓል (የቴሌቪዥን ሥርዓት) ቅጂ የተሠራውን ከ24ቱ ጋር አገናኝተውታል ማለት ነው። በ100 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ ልዩነቱ 4 ደቂቃ ያህል ይደርሳል። ጽሑፉን ወደፊት ወደኋላ መግፋት አያድነውም፤ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም የፍሬም ልኩን (በሴኮንድ የሚሄደውን ምስል ብዛት) ከ25 ወደ 23.976፣ ማለትም 24 ወደሚባለው፣ ቀይረው እንደገና ያስቀምጡት።