ስደተኛ ቤተሰብ የሚቀበል የሰፈር ቡድን እንዴት ይደራጃል?

አንድ ቤተሰብ ለመቀበል ከስድስት እስከ አሥር ቋሚ ሰው ይበቃል። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚታወቀው የግል ስፖንሰርነት አሠራር አምስት ሰዎች ተሰባስበው ስደተኛ እንዲያስመጡና አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት እንዲደግፉ ሲፈቅድ ቆይቷል። ሥራውን ተከፋፈሉት፦ ወረቀት፣ ቤትና ዕቃ፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ ገንዘብ። ወደ ቤተሰቡ የሚደውለው ግን አንድ አስተባባሪ ብቻ ይሁን። አለበለዚያ ለአንድ ቀጠሮ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ሰዓት ይነግራቸዋል።

ዕቃ ለማሰባሰብ “ያላችሁን አምጡ” ብላችሁ አታውጁ፤ ሰው የሚያመጣው ሊጥለው ያሰበውን ነው። ቁጥርና ልክ ያለበት ዝርዝር አውጡ። ፍራሽ አዲስ ይገዛ፣ ያገለገለው ትኋን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያገለገለ የሕፃን የመኪና ወንበርም አትቀበሉ፤ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ቤቱንም እስከ ጥግ አትሙሉት። ድስቱንና መጋረጃውን ራሳቸው እንዲመርጡ ገንዘቡን አቆዩላቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ሕጋዊ መታወቂያ ላይ ስማቸው እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ገልብጡና ባንክም፣ ክሊኒክም፣ ትምህርት ቤትም እንደዚያው ያስጽፉ። በአባት ስም ለሚጠሩ ሰዎች ቅጹ “የቤተሰብ ስም” ሲል አንዱ ሠራተኛ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ይሞላል፤ አባትና ልጅ በወረቀት ባዕድ ይሆናሉ። የትውልድ ቀንም ከሌላ ዘመን አቆጣጠር ሲቀየር ይሳሳታል። ስሕተቱን ሌላ ሰነድ ሳይወጣበት አሳርሙ፤ በአምስት ወረቀት ላይ ከተዛመተ በኋላ ማስተካከል ወራት ይፈጃል።

ለእያንዳንዱ አዋቂ አንድ ክላሰር ያዙለት፤ የሚቀመጠው ግን እነሱ ቤት ነው። ደብዳቤ በመጣበት ቀን ይከፈት፣ የመጨረሻው ቀን በቀይ እስክርቢቶ ፖስታው ላይ ይጻፍ። በጥገኝነት ጉዳይ የይግባኝ ጊዜው በቀናት የሚቆጠርባቸው አገሮች አሉ። ፖስታውንም አትጣሉ፤ የማኅተሙ ቀን መቼ እንደተላከ ያስረዳል። ይዘቱን አንብባችሁ ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው፤ ምን ቢባል እንደሚሻል መምከር ግን የጠበቃ ነው። ጥገኝነት ጠያቂ ከሆኑ የሥራ ፈቃዳቸውን ሳታጣሩ “ትንሽ ሥራ አለች” አትበሉ። ያለ ክፍያ የተሠራ ሥራም ጉዳያቸውን የሚያበላሽበት ጊዜ አለ።

ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። የእናቷን የምርመራ ውጤት የምታስተረጉም ልጅ ከባዱን ነገር ትዘለዋለች፣ ሐኪሙም ይህን አያውቅም። አስተርጓሚ ስትይዙ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ዘዬውንም ጠይቁ፤ ሴት ወይስ ወንድ እንደሚመርጡም እንዲሁ። ከአገሩ በፖለቲካ የሸሸ ሰው የአገሩ ልጅ ፊት ዝም ሊል ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይሻላል። ለቀጠሮው እጥፍ ጊዜ ያዙ። ዓይናችሁ ከአስተርጓሚው ላይ ሳይሆን ከባለጉዳዩ ላይ ይሁን፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁም ቁሙ።

በመኪና ማመላለስ ይቀላል፤ ግን ተጭኖ የሄደ ሰው መንገዱን አያውቀውም። በመጀመሪያው ጉዞ እናንተ ምሩ፤ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ የሚወርዱበትን ፌርማታና የመግቢያውን በር በስልካቸው ፎቶ ያንሱ። (ሆስፒታል ብዙ በር አለው፣ አድራሻው ግን አንድ ነው።) በሁለተኛው እነሱ ይምሩ፣ እናንተ ተከተሉ፤ ፌርማታ ቢያልፉም ለማረም አትቸኩሉ። ሦስተኛውን ብቻቸውን ይሂዱ፣ አስተባባሪው ስልኩን ከፍቶ ይጠብቅ። ስለዚህ ሲም ካርድና ኢንተርኔት በገቡበት ዕለት ያስፈልጋቸዋል።

የቡድኑ ገንዘብ በሁለት ፊርማ ይውጣ። ብድር የሚባል ነገር አይኑር፤ መክፈያው አንድ ወር ሲዘገይ ሰውየው ሰላምታችሁንም መሸሽ ይጀምራል። የምትሰጡ ከሆነ ስጡ፣ ካልሆነ እንቢ በሉ።

እንዴት እንደመጡ አትጠይቁ። ፎቷቸውንም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ ከስምና ከሰፈር ጋር የወጣ ምስል ያሳደዳቸው አካል እጅ ቢገባ አገር ቤት የቀረው ዘመድ ይከፍልበታል። “ራሳቸው ፈቅደዋል” አይበቃም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለረዳቸው ሰው እንቢ ማለት እንደሚችሉ አያምኑም።

ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ በአስተርጓሚ፣ ቀኑን ጠቅሳችሁ ንገሯቸው። ከዚያ በየሦስት ወሩ ተቀምጣችሁ የሥራ ዝርዝሩን አብራችሁ እዩ፦ ቀጠሮ ማስያዝ፣ ኪራይ መክፈል፣ ከመምህር ጋር መነጋገር። ከእያንዳንዱ ፊት አሁን የሚሠራውን ሰው ስም ጻፉ። የእናንተ ስም ከሁለት ስብሰባ በላይ ከቆየበት ሥራ ላይ በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩን እነሱ ይደውሉ፣ እናንተ አጠገባቸው ተቀመጡ።