ካሜራን ከውስጡ አውቆ ጣና ዳር ፎቶ ማንሳት

ባሕር ዳር ካሜራን ትፈትናለች። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ስትሻገሩና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ ደግሞ ድንገት ጨለማ ነው፤ ጢስ ዓባይ ከሄዳችሁ ፏፏቴው ያካፋባችኋል። ፎቶው ሲበላሽ ብዙ ሰው ሌንሱን ይወቅሳል፣ ወይም አዲስ ካሜራ ያምረዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳዩ ያለው ብርሃኑ ሌንሱን ካለፈ በኋላ ነው። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ከገባችሁ የትኛውን ቁልፍ መንካት እንዳለባችሁ አይጠፋችሁም።

ከሴንሰሩ እንጀምር። ከሌንሱ ኋላ የተቀመጠች የሲሊከን ሰሌዳ ናት፣ ፉል ፍሬም በሚባሉት ካሜራዎች 36 በ24 ሚሊ ሜትር የምትሆን። ላይዋ ላይ ፒክሰል የሚባሉ ሚሊዮኖች ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች ተደርድረዋል። ብርሃን ሲሊከኑን ሲመታው ኤሌክትሮን ያስለቅቃል፤ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ሻተሩ፣ ክፍት እስካለ ድረስ እያንዳንዱ ፒክሰል የደረሰውን ያጠራቅማል። ዝናብ ላይ ደጅ የተደረደረ ጣሳ አስቡ። የሞላው ሞላ፣ የተረፈው ይፈሳል። አንድ ፒክሰል የሚይዘው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቦታ የለውም። ጀንበር ጣና ላይ ስትጠልቅ ባነሳችሁት ፎቶ የፀሐይዋ ዙሪያ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። ኮምፒውተር ላይ ብታጨልሙት ግራጫ ይሆናል እንጂ ብርቱካናማው አይመጣም፣ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበማ!

ስለዚህ ውሃው ሲያንጸባርቅ ኤክስፖዠሩን (ሴንሰሩ የሚደርሰውን የብርሃን መጠን) አንድ ደረጃ ያህል፣ ማለትም በግማሽ፣ ዝቅ አድርጉ። ሂስቶግራሙን (በግራ ከጨለማው በቀኝ እስከ ነጩ ያለውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ) ክፈቱና ቀኝ ጠርዝ ላይ ተቆልሎ እንዳይቀር እዩ። የጨለመውን ጥላ በኋላ በመጠኑ ማፍካት ይቻላል።

ነጭ ልብስ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነጠላ ይሁን ከሰል አያውቅም፣ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ነው ሥራው። ጥምቀት ላይ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፍሬሙን ሲሞላው ልብሱ ያላጠቡት ይመስላል። እዚያ አንድ ደረጃ ጨምሩ።

አሁን ቀለም። ሲሊከን ቀለም አይለይም፤ የሚያውቀው የብርሃኑን ብዛት ብቻ ነው። በየፒክሰሉ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ የሚደረገው ለዚህ ነው። አሁንም በብዛት የሚሠራበትን አደራደር ያወጣው የኮዳኩ ብራይስ ቤየር ሲሆን፣ ፓተንቱ የተሰጠው በፈረንጆቹ 1976 ነው። የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ይበልጥ ስለሚነቃ ግማሹ ማጣሪያ አረንጓዴ ነው፣ የቀረውን ቀይና ሰማያዊ እኩል ይካፈሉታል። ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ፒክሰል አንድ ቀለም ብቻ ነው የለካው። የጎደሉትን ሁለቱን ፕሮሰሰሩ ከጎረቤት ፒክሰሎች ገምቶ ይሞላል። ከፎቶው ቀለም ሁለት ሦስተኛው ግምት ነው ማለት ነው፤ እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። ጥቅጥቅ ያለ ሽመና ሲያጋጥመው ግን፣ በተለይ ቀጫጭን መስመር ያለው ጥበብ ወይም ሱፍ ልብስ ላይ፣ ይሳሳትና የሌለ ሞገድና ቀለም ይፈጥራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ ሁለት እርምጃ ቅረቡ ወይም ራቁ፣ ወይም አንግሉን ቀይሩ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንግባ። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ፍላሹንም አጥፉ። መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ፊት የመጀመሪያው ፈተና አይኤስኦን (ካሜራው ሲግናሉን የሚያጎላበትን መጠን) ወደ ላይ መስቀል ነው። አይኤስኦ ግን ብርሃን አይጨምርም። ሴንሰሩ ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር ደካማውን ሲግናል ሲያጎላ ብናኙንም፣ ፎቶው ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ፣ አብሮ ያጎላዋል። ፎቶው የሚጎረብጠው በዋናነት ብርሃኑ ስላነሰ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ የሌንሱን ቀዳዳ እስከሚችለው ክፈቱ፣ ክንዳችሁን ምሰሶ ላይ ደገፍ አድርጉና ሻተሩን ወደ 1/15 ሰከንድ አውርዱ፣ ሥዕል አይንቀሳቀስም። አሁንም ከጨለመ ያኔ አይኤስኦውን ጨምሩ። እዚህ ላይ አትፍሩ፤ አጨልሞ አንስቶ በኋላ ከማፍካት ብናኝ ያለው ግን በቂ ብርሃን ያለው ፎቶ ይሻላል።

ከአምፕሊፋየሩ ቀጥሎ ሲግናሉን ወደ ቁጥር የሚቀይር ክፍል አለ። 12 ቢት ከሆነ 4,096 ደረጃ፣ 14 ቢት ከሆነ 16,384 ደረጃ ይለያል። ጄፔግ በሚባለው የታመቀ የፎቶ ፋይል ስታስቀምጡት በየቀለሙ 256 ብቻ ይቀራል። በኋላ የምታስተካክሉት ፎቶ ከሆነ ሮው ላይ፣ ማለትም ሴንሰሩ የለካው እንዳለ በሚቀመጥበት ፋይል፣ አንሱ። ለፌስቡክ ብቻ ከሆነ ጄፔግ ይበቃል፣ ካርድ አትጨርሱ።

የሐይቁ ትልልቅ ወፎች፣ ፔሊካኖቹስ? ዓሣ አጥማጆቹ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲወረውሩላቸው ክንፋቸውን ዘርግተው ይሻማሉ፣ እናንተም ቁልፉን ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ በጥሩው ሰዓት ካሜራው ቀጥ ይላል። ተበላሽቶ አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው። 24 ሜጋ ፒክሰል በ14 ቢት ሳይታመቅ 42 ሜጋ ባይት ይመጣል። በሰከንድ 10 ፎቶ ካነሳችሁ 420 ሜጋ ባይት ነው። ላዩ ላይ ቪ30 የሚል ካርድ ዋስትና የሚሰጠው በሰከንድ 30 ሜጋ ባይት መጻፍን ነው። ልዩነቱን ለጊዜው የሚሸከመው ባፈር የሚባለው የውስጥ ሜሞሪ ነው፤ እሱ ሲሞላ ካሜራው ይቆማል። ስለዚህ ወፏ ገና ስትመጣ አትተኩሱ፣ አፏን ስትከፍት በአጭር በአጭሩ ተጫኑ። ካሜራው ላይ ያለችው የካርድ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ባትሪም ካርድም እንዳታወጡ፣ ፋይሉ ገና እየተጻፈ ነው።

ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ከተጋደመ ደግሞ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ሄርትዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፣ ሴንሰሩ ደግሞ የሚነበበው ረድፍ በረድፍ ነው፤ መብራቱ ሲደክም የተመዘገበው ረድፍ ይጨልማል። ድምፅ አልባውን (ኤሌክትሮኒክ) ሻተር ትታችሁ በ1/50 ወይም በ1/100 ሰከንድ አንሱ።

ጢስ ዓባይ ላይ ካሜራው ከራሰ ወዲያው አጥፉና ባትሪውን አውጡ። ይሠራ እንደሆነ ልየው ብሎ ማብራት ነው የሚገድለው፤ እርጥበትና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ቦርዱ ሾርት ያደርጋል፣ ዝገትም ይበላዋል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ ክዳኖቹን ከፍታችሁ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ፍላሽ ያለው ካሜራ ከሆነ ብሎኑን ራሳችሁ አትፍቱ። የፍላሹ ካፓሲተር ባትሪው ከወጣ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ጠጋኞችም መጀመሪያ እሱን ሳያራግፉ ቦርዱን አይነኩም።