የመስታወት ብይ ፎርማ ስትመርጡ

የቀለጠ መስታወት ጉድጓዱ ውስጥ እያሽከረከርን ክብ ብይ የምናደርግበትን ፎርማ ስትመርጡ የብረቱን አትግዙ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙልኝ። ድሬዳዋ ላይ ይህን ስናገር የሚከራከረኝ አይጠፋም፤ ባቡር ከገባበት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ብረት የሚያውቅ እጅ ያለበት ከተማ ነው። ጀማሪውም ቶርኖ ቤት ሄዶ፣ ብዙ ብር ከፍሎ፣ የሚያብረቀርቅ ፎርማ አስቀርጾ ይመጣል። ገንዘቡ ያሳዝነኛል። ብረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ የቀለጠው መስታወት ላዩ ቶሎ ይደርቅና ይሸበሸባል። ብረቱ ሲግል ደግሞ መስታወቱ ይጣበቅበታል። በሁለቱ መሃል ያለችው ሙቀት በጣም ጠባብ ናት። «ፋብሪካዎችስ ጠርሙስ የሚያወጡት በብረት አይደል?» ይሉኛል። ነው፤ ግን ፎርማውን ማላቀቂያ እየቀቡ፣ ሙቀቱን በማሽን እየተቆጣጠሩ ነው። አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ የተጣበቀበትን ብይ በመዶሻ ሊያስለቅቅ ሲመታ ስብርባሪው ቅንድቡን ቀደደው። ዓይኑ በመትረፉ ዛሬም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ልጆች፣ በእናታችሁ፣ መነጽር አድርጉ!

የምትፈልጉት ግራፋይት ነው፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ዓይነት ጥቁር ካርቦን። መስታወት አይጣበቅበትም፣ ድንገተኛ ሙቀት አይሰነጥቀውም፣ ቶርኖ ላይም ያለችግር ይቀረጻል። ለቶርኖ ባለሙያው ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ብናኙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የማሽኑን ሞተር ሊያበላሽበት ይችላል። ለመተንፈስም ጥሩ አይደለም፤ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

ጥቁር የሆነ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከአሮጌ ሞተር የሚወጣው ካርቦን አንዳንዱ መዳብ የተቀላቀለበት ነው። ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚተርፈው ዘንግ ግራፋይት ቢሆንም ቅንጣቱ ሻካራ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ብዩ ላይ ይታተማሉ። ደቃቁንና ጥቅጥቅ ያለውን ፈልጉ።

ጀሶ አይሞከርም። እርጥበት ከቀረበት በጋለ መስታወት ይፈነዳል። ሸክላም ማላቀቂያ ካልተቀባ ይጣበቃል።

መጠን ላይ የሁሉም ጀማሪ ዓይን ትልቁ ጉድጓድ ላይ ነው። 2.5 ሴንቲሜትር ብይ ከ2 ሴንቲሜትሩ ትንሽ ብቻ የሚበልጥ ይመስላል። የሚፈጀው መስታወት ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ያን ሁሉ እስከ ውስጡ እኩል ማጋል ላልለመደ እጅ ከባድ ነው። ከትንሹ ጀምሩ። ጉድጓዱ ከግማሽ ኳስ አይጥለቅ፤ ከጠለቀ ብዩ እንደልቡ አይሽከረከርም። የጉድጓዱን ከንፈር በጣታችሁ ዳስሱት። ስለት ካለው በእያንዳንዱ ዙር መስታወቱን ይጭራል፣ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አለስልሱት።

የእንጨት ፎርማም ይሠራል፣ በተለይ ለትልልቅ ብይ። ሙጫ የሌለው ጠንካራ እንጨት ይሁን፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ። ከውሃው የሚወጣው እንፋሎት ነው መስታወቱን ከእንጨቱ የሚለየው። ከሥራ በኋላ ወደ ባልዲው መልሱት። በድሬ ሙቀት ውጭ ያደረ ፎርማ ሲሰነጠቅ ብዙ አይቻለሁ፤ ሐረር ቀዝቀዝ ትላለች ብላችሁም አትዘናጉ። ግራፋይቱን ግን ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ከመጀመራችሁ በፊት ለብ አድርጉት፣ ነበልባሉ ላይ ግን አትርሱት፤ ከ450 ዲግሪ ገደማ በላይ አየር ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቃጠለ ያልቃል።

ፋኑን ወደ ሥራ ጠረጴዛው አታዙሩ። ሙቀቱ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ንፋሱ ፎርማውንም ብዩንም በአንድ ጎን ያቀዘቅዛል። መስኮት ክፈቱ።

ደግሞ ብዩ በማግስቱ ሲሰነጠቅ ፎርማ ለመቀየር አትሩጡ። መጀመሪያ የሁለት ዓይነት ጠርሙስ ስባሪ ቀላቅላችሁ እንደሆነ አስቡ፤ ሲቀዘቅዙ እኩል ካልተኮማተሩ ይለያያሉ። አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብዩን እንዴት እንደምታቀዘቅዙት ፈትሹ። የጠርሙስ መስታወት 550 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ቆይቶ ነው ቀስ እያለ መውረድ ያለበት።